አምፖሉን አውጣልኝ



ዛሬ የምጽፈው ስለ ካርድ ወይም ስለ ኢንተርቪው አይደለም። ስለ መኪና መብራት ነው። ረዘም ስለሚል ሻያችሁን ይዛችሁ አንብቡት። መጨረሻው እኛን ይመለከታል፤ በተለይ አገር ቤት ሆናችሁ የምታነቡኝ እናቶችና እህቶች፣ እናንተን ይመለከታል።

ባለፈው ሳምንት እዚህ ካምፓላ የምሠራበት ቦታ አንድ የእኛ ልጅ አሮጌ ኮሮላ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ይቺ ቀይ መብራት ሌሊት ሌሊት ዓይኔን አወጣችው። አምፖሏን አውጣልኝ» አለኝ። ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪ ምስል ያለባት ናት። «ለምን እንደበራች እንያት እንጂ፣ ዲናሞው ይሆናል» አልኩት። «ጊዜም የለኝ፣ ገንዘብም የለኝ። አምፖሏን ብቻ» አለ። እምቢ አልኩ። «የራሴ መኪና አይደለም እንዴ?» ብሎ ተቆጥቶ ሄደ። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር፤ የዕለቱን ምሳ ይችል ነበር። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ አበድክ እንዴ አለኝ።

አላበድኩም። ያቺን አምፖል ለምን ማውጣት እንደማልችል ልንገራችሁ።

ታሪኩ የካርቱም ነው። በ2008 ዓ.ም. እኔና ታናሽ ወንድሜ ማዮ ውስጥ አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ካርቱም የኖራችሁ ታውቁታላችሁ። ላልኖራችሁ ግን፣ ማዮ በከተማው ደቡብ ጫፍ ያለ ሰፊ የድሃ ሰፈር ነው። ስሙ የፈረንጆቹ የሜይ ወር ስም ነው፤ ጃዕፈር ኒሜሪ ሥልጣን የያዙት ሜይ 25 ቀን 1969 እ.ኤ.አ. ነበርና ስሙ ከዚያ ቀረ። ከደቡብ ሱዳን፣ ከኑባ ተራሮችና ከዳርፉር ጦርነት የሸሸ ሕዝብ የሰፈረበት ነው። ሐበሻ በብዛት የሚኖረው ዴም፣ ጀሪፍና ሰሃፋ ነበር። እኛ ግን ኪራዩ ስለረከሰልን ማዮ ገባን። ውሃ በአህያ ጋሪ በበርሜል ይመጣል፤ ሀቡብ ሲነሳ ደግሞ አቧራው እስከ እንጀራው ይገባል። ቢሆንም ጎረቤቱ ደግ ነበር።

ጎንደር ሳለሁ የጋራዥ ኤሌክትሪክ ረዳት ነበርኩ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ማሳ፣ ፍሬቻ እያልኩ ጣሊያን ለጋራዦቻችን የተወውን ቃል ሁሉ ተሸክሜ ካርቱም ገባሁ። ማንም አልገባውም። እዚያ የገዛው እንግሊዝ ነው፤ አሮጌው ሎሪ ቤድፎርድ ነው፣ አሮጌው ጂፕ ላንድሮቨር ነው። ቃሉን ከዜሮ ያስተማሩኝ ማዮ ጎረቤቴ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ከኑባ ተራሮች የመጡ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሲሆኑ፣ ሁሉም «ኡስታ» ይላቸዋል። ከአንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ሥር ነበር የሚሠሩት። ከሻ ሲመጣ መሣሪያ ሳጥናቸው ኋላ ይደብቁኝ ነበር። ወረቀት አለህ ወይ ብለው አንድ ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም።

የመጀመሪያው ትምህርታቸው ይህ ነበር፦ «ቁልፉን አዙር፤ ሞተሩን ግን አታስነሳ። መጀመሪያ መብራቶቹን እይ።»

መኪና የምትነዱ ልብ በሉልኝ። ቁልፉ ሲዞር፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የባትሪውና የዘይቱ ቀይ መብራት መብራት አለባቸው። ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ መጥፋት አለባቸው። ብዙ ሰው የሚያየው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ጠፍቷል ካለ ደህና ነው ብሎ ይሄዳል። መጀመሪያ ያልበራ መብራት ግን «ጠፋ» አይባልም። አምፖሉ ተቃጥሎ ወይም ሽቦው ተቆርጦ ሊሆን ይችላል። ዘይቱ አልቆ ሞተሩ ቢነክስ እንኳ ያ መብራት ምንም አይነግራችሁም።

አንድ ቀን አማራት ከሚባለው የሀብታም ሰፈር አንድ አዛውንት ሱዳናዊ መኪና አስጎትተው መጡ። ማዮ ውስጥ እንዲህ ያለ መኪና ታይቶ አያውቅም፤ ሕፃናቱ ከበቡት። ኤምጂቢ ነው፣ የ1972 ሥሪት፣ ጣሪያው የሚከፈት፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና። ይህ መኪና እንግሊዝ አገር አቢንግደን በምትባል ከተማ ከ1962 እስከ 1980 ተመርቷል፤ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። አዛውንቱ በወጣትነታቸው እንግሊዝ ተምረው ሲመለሱ በመርከብ አስጭነው ያመጡት ነው። መሪው በቀኝ በኩል ነው፤ ያኔ ሱዳን በግራ ነበር የሚነዳው። በዓመቱ፣ ነሐሴ 1973 እ.ኤ.አ.፣ አገሩ በሙሉ ወደ ቀኝ ዞረ። «አገሩ ዞረ፣ መሪዬ ግን እዚያው ቀረ» እያሉ ይስቁ ነበር።

ችግራቸው ባትሪ ነው። በአንድ ዓመት ሦስት ባትሪ ገዝተዋል። አንዳንድ ቀን መኪናው ደህና ይውላል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ማታ መንገድ ላይ ይቆማል። ብዙ ጋራዥ ሄደዋል፤ ሁሉም «እንግሊዝ ነው፣ ሽቦው እንዲህ ነው» ብሎ ይሸኛቸዋል። የእነዚያ መኪናዎች የኤሌክትሪክ ዕቃ በብዛት የበርሚንግሃሙ ሉካስ ነው። እንግሊዞቹ ራሳቸው ሉካስን «የጨለማው ልዑል» እያሉ ይቀልዱበታል።

ኡስታ ቁልፉን ሰጡኝ። አዞርኩት። የዘይት ግፊቱ በመርፌ ነው የሚታየው፣ እሱ ደህና ነው። ከዙር መለኪያው ላይ መብራት የነበረባት ቀይዋ መብራት ግን አልበራችም። «ተኝታለች» አልኳቸው። «እንግዲህ ቀስቅሳት» አሉኝ።

ወንበሩ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ጭንቅላቴን ከመሪው ሥር አስገባሁ። ውጭ 44 ዲግሪ ነው፤ ላቡ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ሉካስ አንድ ደግነት አለው፦ የሽቦዎቹ ቀለም ሥርዓት አለው። ቡናማው በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣ ነው። ነጩ ቁልፉ ሲዞር የሚነቃ ነው። ቡናማ ሆኖ ቢጫ መስመር ያለው ደግሞ ከዚያች ቀይ መብራት ወደ ዲናሞው የሚሄድ ነው። እሱን ተከትዬ ማቀፊያውን አገኘሁት፤ ጎትቼ አወጣሁት። ባዶ ነው። አምፖሉ አልተቃጠለም። ሰው አውጥቶታል።

ኡስታ ሳይደነቁ መሬት ላይ በጣታቸው እየሳሉ አስረዱኝ። መብራቷ በሁለት ኃይል መካከል የተቀመጠች ናት፤ በአንድ በኩል ባትሪው፣ በሌላ በኩል ዲናሞው። ዲናሞው ሲቆም ከባትሪው ኃይል በእሷ በኩል ወደ ዲናሞው ስለሚያልፍ ትበራለች። ዲናሞው ሲሠራ ሁለቱም ወገን እኩል ስለሚሆን ትጠፋለች። እስከዚህ አውቀዋለሁ። ያላወቅሁት ቀጥሎ የነገሩኝን ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ዲናሞ ላይ በመብራቷ በኩል የምታልፈው ትንሽ ኃይል ናት ዲናሞውን ሥራ የምታስጀምረው። አምፖሏ ከወጣች ዲናሞው አንዳንዴ ጨርሶ አይነሳም፤ አንዳንዴ ደግሞ ሞተሩ በጣም ሲጮህ ብቻ ይነሳል። የሦስቱ ባትሪ ምሥጢር ይኸው ነው። አዛውንቱ ቀስ ብለው ሲነዱ ባትሪው አይሞላም ነበር።

ደስ ብሎኝ ሮጥኩ። ከሱቅ አንዲት የቻይና ኤልኢዲ ገዝቼ ከተትኩ። ቁልፉን ሳዞር ፏ ብላ በራች። ኡስታ ሳቁብኝ። ኤልኢዲ የምትወስደው ኃይል በጣም ጥቂት ስለሆነ ዲናሞውን አትቀሰቅስም፤ ደግሞም ኃይል በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የምታሳልፈው። «ይህ ጌጥ ነው» አሉኝ። ከሳጥናቸው ውስጥ ካንድ ሞተች ከተባለች ላንድሮቨር የነቀሏትን፣ 2.2 ዋት የሆነች በጥርስ የምትገባ ትንሽ አምፖል አውጥተው ሰጡኝ። ከተትኳት። ቁልፍ፣ ቀይ። ሞተር፣ ጠፋች። ዲናሞው ገና በዝቅተኛ ዙር መሙላት ጀመረ። እጄን ጠርጌ ሥራው አለቀ አልኩ።

«ይምሽ» አሉ ኡስታ።

መሸ። የፊት መብራቱን አበራን። ያቺ ቀይ መብራት ሞተሩ እየሠራ ድንግዝግዝ ብላ በራች። ዓይንህን ካላጠበብክ አታያትም። «ትንሽ ናት፣ ምንም አይደለችም» አልኩ፤ ድክም ብሎኝ ነበር። ኡስታ መለኪያውን ሰጡኝ። ዲናሞው ጀርባ ላይ 14.3 ቮልት አለ፣ ባትሪው ላይ ግን 11.8 ብቻ። መንገድ ላይ የሚጠፋው 2.5 ቮልት ነው በመብራቷ በኩል ወደ ኋላ እየመጣ የሚያበራት። ኤልኢዲዋን ትቻት ቢሆን ኖሮ ይህን በፍጹም አላይም ነበር።

ቡናማውን ወፍራም ሽቦ ተከተልን። ዲናሞው ላይ የሚሰካበት ሶኬት ከዓመታት ሙቀት የተነሳ ጠቁሮ ቀልጧል። አንድ ቀን ሊነድ ይችል ነበር። ቆርጠን አዲስ ጫፍ አሰርን፣ በብርጭቆ ወረቀት ጠረግነው፣ የሞተሩን የማሳ ሽቦም አጸዳነው። መብራቱን ሁሉ አበራን። ቀይዋ ጨለመች።

በማግስቱ አዛውንቱ ሲመጡ ኡስታ «አምፖሏን ማን አወጣት?» ብለው ጠየቋቸው። ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። «እኔ ነኝ ያስወጣሁት። ማታ ማታ ትንሽ ትበራ ነበር። ባለቤቴ አብራኝ ስትሆን 'አቁም፣ መብራት አለ' እያለች ታስቆመኝ ነበር። ጭቅጭቁ ሰለቸኝ» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው «አሁን እሷ የለችም፤ እግዜር ይማራት» አሉ። ያቺ መብራት ያንን የቀለጠ ሶኬት ነበር ስትናገር የኖረችው። ማንም ሰምቶ አላያትም እንጂ።

እዚህ ድረስ የመኪና ወሬ ነው። አሁን ስለ ወንድሜ ልንገራችሁ።

ያንን መኪና በምንሠራበት ወር ወንድሜ ማታ ማታ ስለ ሊቢያ መጠየቅ ጀምሮ ነበር። «ጋሼ፣ በረሃው ስንት ቀን ይፈጃል? እገሌ ገባ አሉ፣ እውነት ነው?» ይለኛል። ገና ባለፈው ዓመት፣ ሚያዝያ 2007፣ ሊቢያ ውስጥ የታረዱትን ወንድሞቻችንን አልቅሰን ነበር። እኔ ደክሞኝ ነው የምገባው። አንድ ማታ ተቆጣሁ። «ይህን ወሬ ሁለተኛ እዚህ ቤት እንዳትደግመው! ለእምዬ ምን ልበላት ነው?» አልኩት።

ታዛዥ ልጅ ነው። አልደገመውም። ከዚያ በኋላ ስገባ «እንዴት ዋልክ?» ስለው «ደህና» ይለኛል። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ተኛሁ። ለምን ሊሄድ እንደፈለገ አንድ ቀን አልጠየቅሁትም። ሥራ ቦታው ሦስት ወር ደመወዝ እንደተከለከለ፣ ሁለት ጊዜ በከሻ ተይዞ ተበድሮ ከፍሎ እንደወጣ፣ ዕዳው እንዳነቀው የሰማሁት ከሄደ በኋላ ነው፣ ያውም ከሻይ ሻጯ። ለእሷ ነግሯት ነበር። ለእኔ ያልነገረኝ እኔ አትንገረኝ ስላልኩት ነው።

ሰኔ ውስጥ አንድ ሌሊት ሄደ። ቤኒ ዋሊድ ስምንት ወር ታሰረ። እምዬ ያላትን በሬ ሸጠች፣ እኔ ተበደርኩ፣ እናንተም አዋጣችሁልኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ባሕሩንም ተሻግሮ ዛሬ ጀርመን ነው። በሕይወት አለ። ሌላውን ወንድሙን በዚያው መንገድ ያጣ ሰው ይህን ሲያነብ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ፤ ስለዚህ አላማርርም።

ግን ከዚያ ወዲህ ስደውልለት «ደህና ነኝ ጋሼ» ነው። ክረምት ነው፣ ደህና ነኝ። ጉዳይህስ? ደህና ነው። እንቅልፍስ? ደህና። ስምንት ዓመት ሙሉ ደህና። ይህ ሰላም ነው ብዬ ራሴን ሳታልል ኖሬአለሁ። አምፖሏን በገዛ እጄ ያወጣሁት እኔ መሆኔን ግን ልቤ ያውቃል።

በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የካርቱም ጦርነት ተነሳ። እኔ በኮስቲ፣ በሬንክ፣ በጁባ አድርጌ እዚህ ደረስኩ። ኡስታ ማዮን አልለቅም ብለው ቀሩ። ጳጉሜን 5፣ ለእንቁጣጣሽ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ማዮ ያለው የጎሮ ገበያ ከሰማይ ተመታ። ከ40 በላይ ሰው አለቀ፤ በሺር ሆስፒታል... ይቅርታ፣ በሻኢር ሆስፒታል ወለሉ ላይ የተኙትን ቁስለኞች ሁላችሁም አይታችኋል። እኛ ሽንኩርት የምንገዛበት ገበያ ነው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ደወልኩ። በአሥረኛው ኡስታ አነሱት።

ሱዳን የኖራችሁ ታውቃላችሁ፤ እዚያ ሰላምታው ሁሉ «ተማም? ኩሉ ተማም» ነው። ኡስታ «ተማም» አላሉኝም። «ያ ወለዲ፣ ደህና አይደለሁም» አሉኝ። የሞቱትን ጎረቤቶቻችንን በስም ቆጠሩልኝ። ከትናንት ጀምሮ የበሉትን ነገሩኝ፤ ብዙም የለበትም። የስኳር መድኃኒታቸው ለአራት ቀን ብቻ እንደቀረ ነገሩኝ። ስላወቅሁ ነው እዚህ ገጽ ላይ ያኔ የለመንኳችሁ፤ ስላዋጣችሁ ነው መድኃኒቱ በሰው በሰው የደረሰላቸው። «ተማም» ብለውኝ ቢሆን ኖሮ እኔም ተመስገን ብዬ ስልኩን እዘጋ ነበር።

ያ የኮሮላው ልጅ ተቆጥቶ ከሄደ በኋላ ማታ ለወንድሜ ደወልኩ። ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጀመርኩም። «ያኔ ማዮ፣ ሁለተኛ እንዳትደግመው ያልኩህን ታስታውሳለህ?» አልኩት። ዝም አለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅር በለኝ። አሁን ንገረኝ፣ የፈለግኸውን ያህል ክፉ ይሁን፣ አልቆጣም» አልኩት። «ሥራ ልገባ ነው ጋሼ» ብሎ ዘጋው።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ መልሶ ደወለ። እስኪነጋ አወራን። የነገረኝን እዚህ አልጽፈውም፣ የእሱ ነው። ደህና እንዳልነበረ ግን አሁን አውቃለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ሐኪም ዘንድ አብሮት የሚሄድ አንድ የአገር ልጅ እዚያው አግኝተንለታል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ሁለት ነገር ልለምናችሁ።

ስደት ላይ ያለህ ወንድሜ፣ ያለሽ እህቴ፦ ለእናት ሁሉንም ንገሩ አልልም፤ የእናት አንጀት ስንቱን ይችላል። ግን እውነቱን የምትነግሩት አንድ ሰው ይኑራችሁ። አንድ።

አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ፦ ልጃችሁ ክፉ ነገር ሲነግራችሁ «እንዲህማ አትበለኝ፣ አታስጨንቀኝ» አትበሉት። ያን ቀን ዝም ይላል። ስትደውሉም ደህና ነህ ወይ ብላችሁ ብቻ አትዝጉ፤ ዛሬ ምን በላህ፣ የት አደርክ፣ ከማን ጋር ነህ በሉት። ድምፁ ትንሽ ከደከመ፣ ትንሽ ናት ብላችሁ አትለፏት።

የኮሮላው ልጅ ይህን ካነበብክ፣ ና። አምፖሏን አላወጣልህም፤ ዲናሞህን ግን በነፃ አይልሃለሁ።

ሰላም እደሩልኝ።